ከጭምብሉ ስር የነበረው ሰው

ጥቁር ካባ የለበሰው ጀግና ከደወል ማማው ላይ ሲወድቅ የጮኸ ሰው አልነበረም። ሁሉም ዳይሬክተሩ «ካት!» ብሎ ቀረጻውን እስኪያቆም ይጠብቅ ነበር። ካባው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አልነቃነቅ ሲል ግን የገመድና የዝላይ ኃላፊዋ ሮዛሊን ቲግ ገመዷን ጥላ ሮጠች፤ ጭምብሉንም ገለጠች።

«ጋሬት አይደለም!» አለ ዳይሬክተሩ ሆሊስ ቬን።

ከስር የወጣው ፊት የዋናው ተዋናይ የጋሬት ሎው ሳይሆን፣ አደገኛውን ሁሉ በእሱ ፈንታ የሚሠራው የዴዝመንድ ፕሩት ነበር። ሞቷል። ፊቱን አይታ ያልተገረመችው ሮዛሊን ብቻ ነበረች።

በብሩክሊን ወደብ አጠገብ፣ «የሌሊቱ ዳኛ» የተባለው ድራማ ወደሚቀረጽበት መጋዘን መርማሪ ዴልፊን ብራንካቶ ከቀትር በፊት ደረሰች። ከፍታ እየፈራች፣ መሰላሉን ሙጭጭ ብላ ይዛ ማማው ላይ ወጥታ ወረደች። ከዚያ ሮዛሊንን ጠራቻት።

«ገመዱ ደህና ነው። የተከፈተው ገመዱን ከዴዝመንድ ጀርባ የሚያይዘው መንጠቆ ነው። በመጠምዘዝ የሚቆለፍ ነው አይደል? ማን ቆለፈው?»

«እኔ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ሮዛሊን እጇን አየች። ስንት መንጠቆ ቆልፏል ይህ እጅ! የዛሬውን ከትናንቱ መለየት አቃታት።

«አላውቅም» አለች በመጨረሻ።

«ዛሬ ጋሬት ራሱ ሊዘል ነበር አሉኝ።»

«ጠዋት ለብቻዬ ጠራኝና ‹አዞረኝ፤ ለማንም እንዳትናገሪ፣ መሳቂያ እሆናለሁ› አለኝ። ዴዝመንድን ለመንኩት። ‹እሺ፣ ለአንቺ ስል› አለኝ።» ፊቷን ሸፈነች። «የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን እናያለን። መንጠቆው አዲስ ነው?»

«ከእሽጉ ያወጣሁት ነው። ዴዝመንድ ደልደል ስለሚል የጋሬት መታጠቂያ አልሆነውም፤ ሁሉንም ቀየርኩለት።»

ብራንካቶ የሮዛሊንን የቆዳ ጓንት ተቀብላ ብርሃን ላይ አገላብጣ አየችና መለሰችላት። «አብረሽኝ ዙሪ። የገመድ ነገር አይገባኝም።»

የታሪኩ ሠዓሊ ኤዝራ ዊትሎክ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የድራማውን ጀግና፣ ዳኛውን፣ ከዓመታት በፊት በሥዕል መጽሔት የፈጠረው እሱ ነው፤ አሁን ሥራው በየቀኑ እየመጣ መነጫነጭ ሆኗል።

«ማማው ላይ ታይተዋል» አለችው ብራንካቶ።

«ከቀረጻው በፊት ወጥቻለሁ። ደወሉን ሰማያዊ ቀብተውታል! እኔ ጥቁር ነው የሣልኩት።»

«ጋሬትን ‹ወድቀህ ተሰበር› ብለውታል?»

«በየቀኑ ነዋ! ከሩቅ ሆኜ፤ አጠገቡማ ደርሼ አላውቅም። ዛሬ እግዜር ሰማኝ፣ ግን ሰው ተሳሳተ…» ሽማግሌው የተናገረውን ሰምቶ ደነገጠ። አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

ጋሬት የዳኛውን ልብስና ጓንት እንደለበሰ በማረፊያ መኪናው ውስጥ ተኮራምቷል። የመርማሪዋን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ሊገድሉ የፈለጉት እኔን ነው! ያ ሽማግሌ ይጠላኛል!»

«ከተቀያየራችሁ በኋላ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ጫጫታውን እስክሰማ አልወጣሁም።»

«መንጠቆውን ነክተኸዋል?»

«ኧረ እኔ አይቼውም አላውቅ! ያ የሮዛሊን ሥራ ነው። እባክዎ አይጨክኑባት፤ ሰው ነች፣ ትሳሳታለች።»

ሮዛሊን በር ላይ ቆማ ይህን ስትሰማ እንደገና እጇን አየች። ብራንካቶ ግን ሲወጡ የምታየው የገዛ ጣቶቿን ነበር። ያብረቀርቃሉ። በቀጥታ ወደ አልባሳት ክፍል ሄደች።

«የብር ዱቄት ነው» አለች አልባሿ ሌኖር። «ካሜራው ቀርቦ ስለሚያነሳው የጋሬት ጓንት ላይ ብቻ ነው የምነሰንሰው። የዴዝመንድ ላይ ምን በወጣኝ? ያንሸራትተዋል።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ከማማው ስር ተሰበሰቡ።

«ጭምብል ተንኮለኛ ነገር ነው» ብላ ጀመረች ብራንካቶ። «ሁላችሁም የወደቀው ጋሬት መስሏችሁ ጋሬትን የሚጠላ ሰው ፈለጋችሁ። እኔ ግን ከስር ዴዝመንድ መሆኑን ያወቀው ማን ነው አልኩ። ሮዛሊንና ጋሬት። መንጠቆው ከእሽጉ የወጣው ከተቀያየሩ በኋላ ነው፤ ግን በመቆለፊያው ጥርሶች ውስጥ የብር ዱቄት አለ። የሮዛሊን ጓንት ላይ የለም። የዴዝመንድም ላይ የለም።» ወደ ጋሬት ዞረች። «አንተ ደግሞ ‹አይቼውም አላውቅ› አልከኝ። ሮዛሊን ወደ ገመዷ ስትወርድ በማማው የኋላ መሰላል ወጥተህ፣ የዴዝመንድን ጀርባ ቸብ ቸብ እያደረግህ መንጠቆውን ፈታኸው።»

«ለምን ብዬ?»

መልሱ የመጣው ከሆሊስ ነው። «ጠዋት ለጋሬት ነገርኩት» አለ። «በመጪው ዓመት ጀግናው ይሞትና ጭምብሉን ሌላ ሰው ይወርሳል። ዴዝመንድን መርጬው ነበር።»

«ዴዝመንድ ያውቅ ነበር?»

«ከዝላዩ በኋላ ላበስረው ነበር።» ሆሊስ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ ዳኛው!» ጮኸ ጋሬት። «ሰው የሚያውቀው እኔን ነው! የኔን ፊት ነው!» ፖሊሶቹ እጁን ያዙት።

ብራንካቶ ወደ ሮዛሊን ጠጋ አለች። «ያልተቆለፈ መንጠቆ አይፈታም። አንቺ ቆልፈሽዋል።»

ሮዛሊን ቀለል አላት። ወዲያው ደግሞ አፈረች፤ ሰውየው እኮ ሞቷል።

በሩ ተከፍቶ አንዲት ሴት ገባች። አፍንጫዋና አገጯ ቁርጥ ዴዝመንድ ነው።

«እህቱ ነኝ» አለች። «ዛሬ አልዘልም ብሎኝ ነው የወጣው። ማነው የላከው?»

መርማሪዋ ጋሬትን ልታሳይ እጇን አነሳች። ሮዛሊን ቀደመቻት።

«ገዳዩ እሱ ነው። ማማው ላይ ውጣልኝ ብዬ የለመንኩት ግን እኔ ነኝ።»

ጋሬትን ሲያወጡት የሴትየዋ ዓይን አልተከተለውም። ሮዛሊን ላይ እንደተተከለ ቀረ።