ሦስተኛው ስንኝ የጎደለው መዝሙር

ወንጌላዊት የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ቦንጋ ነው፤ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ከጋሽ አብዱልሃኪም ሱቅ ጀርባ። ጊዜው ሞባይል ስልክ ገና ወደ ከተማችን እየገባ የነበረበት ነው። እናንተ ያኔ አልተወለዳችሁም።

ወንጌላዊት በልጆች መዘምራን ውስጥ ትዘምር ነበር። ድምፅዋ ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑንም ታውቃለች። ነገሩ የመጣው ከዚህ ነው።

ልጆች፣ መዝሙር እንደ ዝናብ ከደመና አይወርድም። እያንዳንዱ መዝሙር ሰው አለው። የመዝሙር መጽሐፋችንን ስትገልጡ ከግርጌው በትንሹ የተጻፈ ስም ታያላችሁ አይደል? ያ ሰው አልቅሶ ወይ ተደስቶ፣ ጸልዮ ነው የጻፈው። እኛ ግን ስሙን ዘልለን እንዘምራለን። ወንጌላዊትም እንደዚያው ነበረች።

በዚያ ክረምት እናቷ ይመኙሻል ልትወልድ ሆስፒታል ገባች። ወንጌላዊት በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዛ ትሄዳለች። ከእናቷ አልጋ ማዶ፣ በተከፈተው በር በኩል፣ የታመሙ ሕፃናት የተኙበት ክፍል ይታያል። እዚያ ታንጉት የምትባል ከሺሺንዳ የመጣች እናት ልጇን ታስታምም ነበር። ልጁ ቢሻው ይባላል። ሦስት ዓመቱ ነው። ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ዓይኑን እንኳ መግለጥ አቅቶታል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ታንጉት ደግሞ ልጇ ላይ ጎንበስ ብላ በቀስታ ትዘምራለች። ከማንም የተማረችው አይደለም። እዚያው አልጋ አጠገብ ጌታ የሰጣት ነው።

ጣሪያውን ዝናብ ሲመታው፣ ልቤም ሲመታ፣
አልጋው አጠገብ ቆመሃል ጌታ።
የምሰጥህ የለኝ ከእንባ በስተቀር፣
ዝም አልልህም እስክትናገር።

ይኸው ነው። ሁለቱን መስመር አንድ ስንኝ ብንለው፣ ሁለት ስንኝ ብቻ። ወንጌላዊት ቶሎ ያዘችው። እናቷ ወንድ ልጅ ተገላገለችና ሁሉም ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ገቡ። ቢሻው ግን እዚያው አልጋው ላይ ቀረ።

ክረምቱ አልፎ የኮንፈረንስ ጊዜ ደረሰ። ከደካ፣ ከሺሺንዳ፣ ከየወረዳው ምእመናን በአይሱዙ ተጭነው ቦንጋ የሚመጡበት ትልቅ በዓል ነው። የልጆች መዘምራንም አንድ አዲስ መዝሙር እንዲያቀርቡ ተነገራቸው። መዘምራኑን የሚያስተምሩት ጋሽ ወንድማገኝ አኮርዲዮናቸውን እያስተካከሉ ሳለ ወንጌላዊት ያንን መዝሙር ለራሷ ታንጎራጉር ጀመር። ጋሽ ወንድማገኝ እጃቸውን አቆሙ።

«ይሄን ማን ደረሰው?»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። መልሱን ታውቃለች። ታንጉት የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

«እኔ» አለች።

ወይ ልጆቼ! ውሸት ሲገባ ትንሽ ነው። ከገባ በኋላ ግን ቦታ እየለቀቁለት መኖር ነው።

በእኛ ማኅበር አንድ ልማድ አለ። አዲስ መዝሙር መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት የደረሰው ሰው ቆሞ ጌታ የት እንደሰጠው ይመሰክራል። ያለዚያ አይዘመርም። ጋሽ ወንድማገኝም ወንጌላዊትን ከፊት አቆሟት፤ ምስክርነቷን እንድታዘጋጅ ነገሯት። ሦስተኛ ስንኝም ጨምሪበት አሏት። መዝሙሩ ጸሎት ላይ ቆሟል፣ መልሱ የለውም ብለው።

ከበሮ መቺው ማሙሽ ግን ነገረኛ ነው።

«የማን አልጋ ነው?» አላት።

«የኔ። ታምሜ ነበር።»

«አንቺ? አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርተሽ አታውቂም እኮ።»

ለሦስተኛው ስንኝ ስለ ፀሐይና ስለ አበባ አንድ ነገር ገጣጥማ አመጣች። ማሙሽ ከበሮውን ታቅፎ ሳቀ። «አልጋ አጠገብ አልነበርን እንዴ? አበባው ከየት በቀለ?» አለ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ሌላ ሞከረች። እሱም አልሆነም። ያላለፈችበትን ነገር ከየት ታመጣዋለች?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሕፃን ወንድሟን አዝላ እሹሩሩ እያለች መዝሙሩን ትለማመድ ነበር። እናቷ ልብስ እያጠበች ሰማቻት። ቀና አለች።

«ይሄ የታንጉት መዝሙር አይደለም? ከወጣን ጀምሮ ሳስባት ነው። ልጇ ምን ሆኖ ይሆን?»

ወንጌላዊት ደነገጠች። ለካ አንድም ቀን ስለ ቢሻው አስባ አታውቅም። መዝሙሩን ይዛ ልጁን ረስታዋለች። ቢሞትስ? የሞተ ልጅ እናት ያለቀሰችውን ልቅሶ የኔ ነው ብላ በማይክራፎን ልትዘምር ነው? እዚያው ወንድሟን እንዳዘለች ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ ሰርቄያለሁ» አለች። እናቷም ሰማች። አልጮኸችባትም። እጇን አደራርቃ ወደ ጋሽ ወንድማገኝ ይዛት ሄደች።

ጋሽ ወንድማገኝ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ወንጌላዊት ከመዘምራን እንደምትባረር፣ ልጆቹም መዝሙር አጥተው እንደሚያፍሩ ታስብ ነበር።

«የመዘምራኑን ነጭ ልብስ ልመልስ?» አለች።

«ልብሱ ይቆይ። መጀመሪያ መዝሙሩን ለባለቤቱ እንመልስ። እሑድም በኮንፈረንሱ ላይ ቆመሽ ትናገሪያለሽ፤ የዋሸሽው በሁሉም ፊት ነውና።»

ጋሽ አብዱልሃኪም ሸቀጥ ይዘው ሺሺንዳ ገበያ ይሄዱ ነበር። ወንጌላዊት ራሷ ሄዳ ለመነቻቸው። ታንጉትን ፈልገው ለኮንፈረንሱ እንድትመጣ እንዲነግሩላት ነው።

«ሺሺንዳ ውስጥ ስንት ታንጉት አለ መሰለሽ?» አሏት።

«ልጃቸው ቢሻው ይባላል። ክረምት ላይ እዚህ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።»

ከገበያ ሲመለሱ ሮጣ ተቀበለቻቸው። ቤቱን አግኝተዋል፤ ግን ተዘግቷል። መልእክቱን ለጎረቤት ነግረው መጡ።

«ልጁስ?»

ጋሽ አብዱልሃኪም ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «የተዘጋ ቤት አይቼ መጠየቁን ፈራሁ፣ የኔ ልጅ» አሏት።

እሑድ ሆነ። የኮንፈረንሱ ድንኳን ሞልቶ ሰዉ ውጭ ቆሟል። ተራው የልጆች መዘምራን ሆነ። ወንጌላዊት ወደ ማይክራፎኑ ወጣች።

«መዝሙሩ የኔ አይደለም» አለች። «የሺሺንዳዋ የእትዬ ታንጉት ነው። ልጃቸው ታሞ ሲያለቅሱ የጸለዩት ነው። እኔ የደረስኩት ነው ብዬ ዋሸሁ። ልጁ ይዳን አይዳን እንኳ አልጠየቅሁም። ይቅር በሉኝ።»

ከዚያ ከኋላ በኩል ግርግር ተሰማ። አንድ ትንሽ ልጅ ከሰው እግር መሃል ሾልኮ ወጥቶ መተላለፊያውን በሩጫ ያዘው። መድረኩ ላይ ወጣ። ማሙሽ ጋ ሄደና ከበሮውን በሁለት እጁ ድው አደረገው!

«ቢሻው! አንተ ልጅ!» እያለች እናቱ ከኋላው ደረሰች።

ቢሻው ነው! ያ ዓይኑን መግለጥ ያቃተው ልጅ! ወንጌላዊት እንባዋ ወረደ። ታንጉት ግን አቀፈቻት።

«ሁለቱን ጠብቀሽልኛል» አለቻት። «ሦስተኛውን እኔ ይዤ መጥቻለሁ።»

ማይክራፎኑን ያዘች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዘመረች።

ተናገርክ ጌታዬ፣ ልጄም ተነሣ፣
ውለታህ ከልቤ እንዴት ይረሳ!

እልልታው ድንኳኑን ነቀነቀው። ጋሽ ወንድማገኝ አኮርዲዮኑን ለቀቁት። ማሙሽም ከበሮውን ለቢሻው አካፍሎ ይመታ ጀመር። ታንጉት ያንኑ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ደገመችው፤ ያኔማ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ዘለሉ። መዝሙሩ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ እኔ እንጃ። ውጭ መንገድ ላይ የቆሙት ባጃጆች እንኳ ጡሩምባቸውን እየነፉ አጀቡት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ያንን መዝሙር ሲዘምሩ አስቀድማ የምትወጣው ወንጌላዊት ሆነች። ነጩን ልብሷን ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ይህን መዝሙር ጌታ ለእትዬ ታንጉት የሰጣቸው ልጃቸው ታሞ ሳለ ነው» ትላለች። ከመዘመሩ ይልቅ ይህችን መናገሯ ደስ ይላት ነበር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ለሌላው የሰጠውን የራሳችን አናድርግ፤ ካደረግንም እውነቱን ተናግረን ለባለቤቱ እንመልስ፣ ደስታችን ያን ጊዜ ሙሉ ይሆናል።