ሐሙሲት ላይ የተሳፈረችው ፖሊስ

ፈጠራ ነው የሚለኝ ይኖራል... አልፈርድበትም። ወለላን ግን አውቃታለሁ። ያልሆነውን ሆነ የምትል ሰው አይደለችም።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ... የጣና ውኃ ፀሐይ እያንጸባረቀ ዓይን የሚወጋበት ሰዓት።

ወለላ ባሕር ዳር አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ታናሽ ወንድሟ ገድሉ ይፋግ ከተማ ያስተምራል። ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንተርኔት ሌባና ፖሊስ ይጫወታሉ። ጨዋታው አንድ ትልቅ ከተማ ነው፤ ሌባው ያመልጣል፣ ፖሊሷ ታሳድዳለች። ፖሊሷ ሁልጊዜ ወለላ ናት።

ያን ቀን ገድሉ ሊጠይቃት እየመጣ ስለነበር ብቻዋን ገባች።

ከተማው ጭር ብሏል። ሌላ ጊዜ ሠላሳ አርባ ሰው ይራወጥበት ነበር።

የሌቦቹ ዝርዝር ውስጥ አንድ ስም ብቻ አለ።

ገድሉ።

አስፋልቱ ዳር ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቆሟል። እንዲህ ያለ መኪና እዚያ ጨዋታ ውስጥ አይታ አታውቅም። የወንድሟ ስም ከጣሪያው በላይ ተንሳፍፏል። ሌባው አይሮጥም... ውስጡ ተቀምጧል።

ደወለችለት። ጨዋታ ገብተህ ነው ወይ ብትለው፣ ኧረ መንገድ ላይ ነኝ አላት። የሐሙሲትን ከተማ እንዳለፉ፣ ኬላ በሌለበት ቦታ፣ መኪናው በራሱ ቆሟል። ሾፌሩም ምክንያቱን አላወቀም።

ፖሊሷን ወደ አውቶቡሱ እያስኬደች የነበረችው ወለላ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ፖሊስ ግን መራመዷን ቀጠለች... የአውቶቡሱን ደረጃ ወጣች።

ገድሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንዲት ፖሊስ ተሳፈረች..."

"ምን ትላለች?"

"ምንም። መታወቂያም አልጠየቀች... እኔን ብቻ ነው የምታየው።"

ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም አላት።

ወለላ የኮምፒውተሩን ማጥፊያ ተጫነች። አልጠፋም። ፖሊሷ ካቴናውን ከወገቧ ፈታች። ገድሉ ጋ ለመድረስ ሁለት ወንበር ቀራት...

አንድ...

ወለላ ሶኬቱን ነቀለች። ስክሪኑ ጨለመ።

"ገድሉ?"

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

"ገድሉ..."

"ቆመች" አላት። "አንድ እግሯን እንዳነሳች... ቆመች።"

"በመስኮት ውጣ። አሁኑኑ።"

ዘለለ። ሌላውም ተሳፋሪ እየተጋፋ ወረደ። ዘወር ብለው ሲያዩ መኪናው ባዶ ነበር።

ገድሉ ማምሻውን በሌላ መኪና ባሕር ዳር ገባ። ክርኑ ከመላጡ በቀር ደኅና ነው። ስለዚያች ፖሊስ ግን ሰው ሲያነሳ ተነስቶ ይወጣል።

ወለላም ለእሱ ያልነገረችው አንድ ነገር አለ።

እሱ ከመስኮቱ ጋር ሲታገል ኮምፒውተሩ ተነቅሏል። ስክሪኑ ጥቁር ነው። አንድ እጇ ስልኩን ይዟል፣ ሌላው የነቀለችውን ገመድ።

ፖሊሷን ወደ ፊት የሚያስኬደው የኪቦርዱ ቁልፍ ግን... ማንም ሳይነካው... ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

እንደተጫነም ቀረ።