ከሙሽሮቹ ጀርባ የቆመው ሰው

ፎቶ አንሺው የፏፏቴው ገንዳ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ውሃው ከጉልበት አያልፍም።

ያገኘችው የመናፈሻው አትክልተኛ ናት። ጠዋት የውሃ ጎማዋን ልትቀጥል ጎንበስ ስትል ጫማውን አየች። ጩኸቷን ሰምቶ መጀመሪያ የደረሰው የበሩ ዘበኛ ነበር። ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። «አይዞሽ፣ አትዪው» ብሎ ከለላት።

መርማሪዋ መጣች። የሟቹ ማጅራት በድንጋይ ተመትቷል። ካሜራው የለም።

«ጋዜጣ አዟሪው ነው» አለ ዘበኛው። «ትናንት ከሟቹ ጋር በቦታ ተጣሉ። ‹አሳይሃለሁ› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

አዟሪው ተያዘ። «አፌ ነው እንጂ እኔ ዶሮ እንኳ አላርድም!» እያለ ማለ። እውነቱን ነበር፤ ከማታ ጀምሮ እስከ ረፋዱ ድረስ ሆስፒታል እናቱን ሲያስታምም ነርሶቹ አይተውታል።

መርማሪዋ ወደ መናፈሻው ተመለሰች። ሟቹ ናሙና ፎቶዎቹን ከሚሰቅልበት ሰሌዳ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?»

«ሙሽሮች» አለች አትክልተኛዋ። «ከትናንት ወዲያ ነው የሰቀለው።»

ሙሽሮቹ ቅጂ ነበራቸው። ከጀርባቸው ዘበኛው ቆሟል፤ ሁልጊዜ ፊቱን የሚሸፍንበትን ኮፍያና ሻርፕ አውልቆ ላቡን ሲጠርግ። መርማሪዋ ያንን ፊት ከድሮ የተፈላጊዎች መዝገብ ውስጥ አገኘችው። ከአሥር ዓመት በፊት ሚስቱን ገድሎ የተሰወረ አናጢ ነው።

አትክልተኛዋ ይህን አታውቅም። በዚያው ሰዓት ዕቃ ቤት ገብታ የማዳበሪያ ጆንያ ስትፈታ እጇ ማንገቻ ነካ። ሳበችው። ካሜራ።

ክፍሉ ጨለመ። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን ፈለግሽ?»

«መ... መቀስ።»

«ጆንያ ውስጥ?»

በሩን ከኋላው ዘጋው። ወደ ግድግዳው አፈገፈገች። አካፋውን ሲያነሳ ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም።

መርማሪዋ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ስትመጣ የግቢው በር ባዶ ነበር። በጠራራ ፀሐይ የተዘጋው ዕቃ ቤት አስጠረጠራት። በሩን በርግደው ገቡ። አካፋው ገና በእጁ ነበር።

«የሚስቴ ወንድም ማዶ ካለው መሥሪያ ቤት ተቀጥሯል» አለ እጁ ሲታሰር። «በየቀኑ በዚህ ያልፋል። የዘበኛ ፊት ማንም አያይም፤ ፎቶ ግን ቆሞ ያያል። ከሰሌዳው አውርድልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹ሠርጋቸው ላይ አንተን ማን ያይሃል?› ብሎ ሳቀብኝ።»

አትክልተኛዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«እኔንም ልትገድለኝ ነበር?»

ዘበኛው ወደ አካፋው አየ።

«እንጃ» አላት።

አዟሪው በማግስቱ ተፈቶ ጋዜጣውን ዘረጋ። አትክልተኛዋ ግን ሌላ ቦታ እንዲያዛውሯት አመለከተች። የተመደበችበት ቦታ ስትደርስ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሥራው አልነበረም፤ የአዲሱን ቦታ ዘበኛ ፊት ነበር ማየት የፈለገችው።