ጫፍ ላይ የፈነዱት እምቡጦች

ሟቹ እራት ላይ በደረቱ ከተደፋ አራት ሳምንት ሆኖታል፤ መርማሪዋ የተጠራችው ግን ሚስቱ ልትታሰር አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። የላቦራቶሪው ወረቀት ደርሷል፦ በደሙ ውስጥ የፒር ዛፍ ማንቂያ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ጥቂት አልኮልም አለ። ጨው የሌለው ሾርባ ለእሱ ብቻ የሠራችው ሚስቱ ናት። አሥር አለቃው መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ይጠብቃል።

መርማሪዋ መቀመጥ አልሆነላትም። የእርሻውን ሽማግሌ የእቃ ቤት ኃላፊ በሟቹ የፒር ዛፎች መካከል እየተራመደች ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ ምን ይሠራል?»

«ፒር ብርድ ካልጠገበ ከእንቅልፉ አይነቃም፣ ልጄ። የእኛ ብርድ ደግሞ ለወጉ ነው። ካልተረጨ ግማሹ ያብባል፣ ግማሹ ያንኮራፋል። የረጨ ሰው ግን ሳምንት ሙሉ መጠጥ ባለበት አይደርስም። ከቀመሰ ፊቱ ደም ይለብሳል፣ ልቡ ይከዳዋል። ይህን እዚህ የማያውቅ የለም።»

«የዚያን ቀን ማን ረጨ?»

«እኔ ገበያ ነበርኩ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ‹እኔ ነኝ› ይላል።»

«እራት ላይስ ምን ጠጣችሁ?»

«ታናሽየው ያመጣውን የፒር ጭማቂ፣ ሁላችንም ከአንድ ማንቆርቆሪያ። እኔማ በሁለት ብርጭቆ ያለወትሮዬ ዘፈንኩ» አለና አፈረ።

ታናሽ ወንድምየው አጭር፣ ፈርጠም ያለ ሰው ነው።

«ወንድሜ ጉንፋን ይዞት ስለነበር መርጫውን አልነካም» አላት። «ብቻዬን ጨረስኩት።»

«በመሰላል?»

«ምን መሰላል አመጣው? መሬት ቆሜ ነው።»

«ጭማቂውን እርስዎም ጠጡ?»

«ሦስት ብርጭቆ። መርዝ ቢኖርበት እዚህ አልቆምም ነበር።»

መርጫውን ውኃ ሞልታ ሰጠችው። «እስቲ የዛፉን ጫፍ ያርጥቡልኝ።»

በእግሩ ጣቶች ተንጠራራ። ውኃው ከጫፉ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ቀረ። ከዚያ በላይ ያለው እምቡጥ ሁሉ፣ በየዛፉ፣ እኩል ፈንድቷል።

«ሟቹስ ቁመቱ?» አለች።

«በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ነበር» አለ ሽማግሌው።

ሁሉንም በራት ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። አሥር አለቃውም ገባ።

«ያልተረጨ ጫፍ እንዲህ እኩል አይነቃም» አለች። «ጫፉን የረጨው ሟቹ ነው። መድኃኒቱ በቆዳውና በትንፋሹ ገባ እንጂ በሾርባ አይደለም። ወንድሙ ባመጡት ጭማቂ ውስጥ ደግሞ አልኮል ተደባልቆ ነበር። ጋሼን ያዘፈነው እሱ ነው። ሟቹን ጉንፋን አፍንጫውን ስለዘጋው ሽታው አልደረሰውም። ለሌላው ሞቅታ የሆነው ለረጨው ሞት ሆነ።»

«ይኼ ግምት ነው» አለ ታናሽየው።

«ረጭቻለሁ ብለዋል። ሦስት ብርጭቆ ጠጥቻለሁም ብለዋል። ሁለቱም እውነት ቢሆኑ የምንቀብረው እርስዎን ነበር።»

ሰውየው ወደ ሟቹ ሚስት ዞረ።

«እትዬ፣ እሱ እያለ ይህ እንጨት አይነቀልም ነበር። ዕድሜዬን በላው። ‹ዘንድሮ ካበበ የመንቀሉን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሳው› አለኝ፤ እንደሚያብብ ደግሞ አውቃለሁ። አንቺም ከታሰርሽ፣ መሬቱን አጽድቼ የፈለግሁትን እዘራለሁ ብዬ ነው።»

ሚስትየው ለመታሰር የለበሰችውን ወፍራም ሹራብ ቀስ ብላ አወለቀች።

«እኔ ፒር ወድጄ አላውቅም» አለችው። «ብትነግረኝ አብሬህ እለምነው ነበር።»