ሟቹ የሞላው ቅጽ

ሬሳውን ከውሃ ማጠራቀሚያው ያወጡት በገመድ ነው። የውሃው ግፊት ከሲሚንቶው ግድግዳ ጋር አላትሞት ግንባሩ ተከፍቷል። ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ የሦስት ልጆች አባት። ዕድሜውን ሙሉ ከውሃ እንጀራውን በልቶ፣ በመጨረሻ ውሃ በላው።

መርማሪዋ ውሃ ጣቢያው የደረሰችው አሥር ሰዓት ላይ ነው። አጭር፣ ቀጭን ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ አታውቅም።

ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው ሰባት ተኩል ላይ ዝቃጭ ሊጠርግ ወደ ባዶው ማጠራቀሚያ ገባ። ፎርማኑ ለስምንት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን «ሰው አለ፤ ውሃ እንዳይለቀቅ» የሚል ማስጠንቀቂያ በቢሮው ፕሮግራም አስተላለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኦፕሬተሩ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሆኖ ውሃውን ለቀቀ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ኦፕሬተሩ ማስጠንቀቂያውን በስምንት ከአሥር አይቶታል ይላል። ከስሙ ጎን ሰማያዊ ምልክት አለ።

በዚያ ላይ ኦፕሬተሩ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። ከሦስት ቀን በፊት ግቢው መሃል ተጣልተው «ውሃ ይብላህ!» ብሎታል። ያልሰማ አልነበረም።

መርማሪዋ ስትገባ ኦፕሬተሩ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል። እህቱ በሩ ላይ ቆማለች። ወፍራም መነጽር ያደረገችው ጸሐፊ፣ ሁሉም «እታለም» የሚሏት፣ ክንዷን ደግፋ ይዛታለች።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«እናታችንን ከቤቱ አስወጣብን። አሮጊት ሴት! ተናደድኩና ተራገምኩ። የኔ እርግማን ይደርሳል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ማስጠንቀቂያውን አይተሃል።»

«አላየሁም።»

«ምልክቱስ?»

«እኔ አልነካሁትም። እስከ ትናንት አሮጌው ፕሮግራም ነበር። ዛሬ ጠዋት ወደ አዲሱ ስገባ፣ እኔ ተኝቼ ሳለ ሰው የቤቴን ዕቃ ያዘዋወረብኝ ነው የመሰለኝ። ድሮ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ይሆናል። ፎርማኑ ራሱ ካላነሳው አይጠፋም። ዛሬ ቀይ የሚባል አላየሁም። ቀይ ከሌለ ሰው የለም። በሰዓቴ ለቀቅኩ።»

«ስምንት ከአሥር ላይ የት ነበርክ?»

«ከምሳ ገና መመለሴ ነበር። መስኮቱ ጋ፣ ግፊት መለኪያውን እያነበብኩ።»

መለኪያው ከግቢው ማዶ ነው።

«እሱን? ከዚህ ሆነህ?»

«አሁን አርባ ሦስት ላይ ነው።»

መርማሪዋ ግቢውን አቋርጣ ሄደች። አርባ ሦስት ላይ ነው። ስትመለስ ኦፕሬተሩ ከእህቱ ፊት ቆሟል።

«እህቴ፣ እመኚኝ። እኔ አይደለሁም።»

«የቤቴን ምሰሶ ነቅለህ እመኚኝ ትለኛለህ?» ፊቷን አዞረች።

ፎርማኑ ጡረታ የደረሱ ሽማግሌ ናቸው። የጥገናው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ድሮ ማስጠንቀቂያውን ጽፌ ስልክም እደውል ነበር» አሉ። «ዛሬም ስልኩን አንስቼ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ምልክቱ መጣ። አይቷል አለኝ። አይቷል ካለ ምን ያስደውለኛል? አስቀመጥኩት።»

«የውሃ መልቀቂያው አይቆለፍም?»

«ጓጉንቸሩ ከተሰበረ ሁለት ዓመቱ ነው። ሦስት ጊዜ ጠይቄያለሁ።» በአገጫቸው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠቆሙ።

ሥራ አስኪያጁ አዲሱ ፕሮግራም እንዳይወቀስ ነበር የፈራው።

«ግሩም ነው! ሠራተኛው በአንድ ድምፅ ወዶታል።»

«በአንድ ቀን?»

«በግማሽ ቀን! ዋናው መሥሪያ ቤት የሁሉም የመጀመሪያ አስተያየት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሞላ ብሎ ነበር። እኛ በጊዜ ጨረስን። ከቅርንጫፎቹ ሁሉ አንደኛ ነን።»

«እስቲ አሳዩኝ።»

አራት ቅጽ አተመላት። ጠጠር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ አየቻቸው። የፎርማኑ በስምንት ከሁለት የተሞላ ነው፤ «በጣም ወድጄዋለሁ» ይላል። የቧንቧ ሠራተኛው በስምንት ከስድስት፤ «ሥራዬን አቅልሎልኛል።» የኦፕሬተሩ በስምንት ከአሥር፤ «ፊደሉን ማጉላት መቻሉ ለደካማ ዓይኔ ተስማምቶታል።» የጸሐፊዋ በስምንት ከአሥራ አራት፤ «ከዚህ የተሻለ አይመጣም።»

ሁለተኛውን ቅጽ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሁሉንም መቆጣጠሪያ ክፍል ሰብስቡልኝ። ሚስቱንም።»

ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ቆመ። መርማሪዋ ድምፅዋን አላነሳችም።

«ሟቹ ሲገባ ስልክ ይዞ ነበር?»

«እርጥብ ቦታ ስልክ አይገባም» አሉ ፎርማኑ። «እኔ ጋ ነው ያስቀመጠው።»

«እንግዲያው በስምንት ከስድስት፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ዝቃጭ እያፈሰ፣ 'ሥራዬን አቅልሎልኛል' ብሎ የጻፈው ማነው?»

ቅጹን አነሳችና ለሁሉም አሳየች።

«እሱ ካልጻፈው በስሙ ሌላ ሰው ገብቷል። በአንዱ ስም የገባ በሌላውም ስም ይገባል። ቅጾቹ በአራት በአራት ደቂቃ ተከታትለው ነው የተሞሉት፤ የአንድ ሰው እጅ ነው። የኦፕሬተሩም ምልክት የመጣው የእሱ ቅጽ በተሞላበት ደቂቃ ነው። ይህ ሰው ከግቢ ማዶ ቁጥር ያነባል። ቅጹ ግን 'ደካማ ዓይኔ' ይላል። እዚህ ክፍል ውስጥ ደካማ ዓይን ያለው...»

«እኔ ነኝ» አለች እታለም። መነጽሯን አውልቃ በእጇ ያዘችው። «ምስጋና አለቀብኝ፤ የራሴን ጻፍኩ። ፓስወርዳቸውን የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው። 'እታለም፣ ሙዪልን' አሉኝ። ሁሌም እኔ ነኝ የምሞላላቸው።»

«ማስጠንቀቂያውስ?»

«በየስማቸው ስገባ ፊት ለፊት ይመጣል። 'አይቻለሁ' የሚለውን ካልተጫኑት ወደ ቅጹ አያሳልፍም። ተጫንኩት። አንብቤዋለሁ እኮ! 'እግዜር ይጠብቀው' ብዬ ነው የተጫንኩት። በሟቹ ስም ብጫነው በኦፕሬተሩ ስም መጣ፣ በኔም መጣ። እንደ ድሮው የማይጠፋ መሰለኝ።»

«እንግዲያው አዲሱ ለእያንዳንዱ ስም አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው» አለች መርማሪዋ። «ለኦፕሬተሩ የመጣውን አንቺ አየሽለት። ለሱ የቀረ አልነበረም። ምልክቱ ደግሞ ፎርማኑ ጋ ደረሰ፤ ያነሱትን ስልክ አስቀመጡ።»

ፎርማኑ ግድግዳውን ተደገፉ።

«እኔ ሙሉ አልኩ እንጂ ሙሉላቸው አላልኩም!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሥልጠና ስንጠይቅዎት 'ስትነካኩት ይገባችኋል' አሉን» አሉ ፎርማኑ። «ጓጉንቸር ስንጠይቅዎት በጀት የለም አሉን። ቅጹ ግን እስከ ዘጠኝ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ውሃ ግን አይለቀምም።»

እታለም ከመበለቲቱ እግር ሥር ወደቀች። መበለቲቱ አልገፋቻትም፤ አላነሳቻትምም።

«ታዲያ ማንን ነው የሚያስሩልኝ?» አለቻት መርማሪዋን።

«የሆነውን እጽፋለሁ። እሷ ቃሏን ትሰጣለች። አስኪያጁም ስለ ጓጉንቸሩ ይጠየቃሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው በኔ እጅ አይደለም።»

«ወንድሜስ?»

«ማስጠንቀቂያውን አላየም። አላወቀም።»

እህት ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። ያን ቀን ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አልገደልከውም።»

«አልገደልኩትም።»

«ፓስወርዱን ግን ሰጠሃት።»

«ሰጠኋት። ቅጽ ነው ብዬ።»

እህት ነጠላዋን ሰብስባ ያዘች።

«ልጆቹ ከትምህርት ቤት ገብተዋል፤ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው» አለች። «አንተ ሂድ። አንተ ንገራቸው። እኔ አፌ እምቢ አለኝ።»

ወንድሟ ኮቱን ለበሰ፤ ቁልፎቹን ለመቆለፍ ሞከረና ተወው።

«ምን ብዬ?»

ወደ መርማሪዋ ዞረ። ሰዓቱንና ደቂቃውን ሁሉ የምታውቅ ሴት ይህን አታውቅም ነበር። በሩን ከፈተችለት፤ ሌላ የምታደርግለት አልነበራትም።