በቅሎ የሌለው ባለ ኮርቻ

ጭጋግ ከማይለየው ከዚያ የኬንታኪ ሸለቆ፣ ከኮረብታው ሥር፣ እማማ ኦሌታ የሚባሉ አንዲት መበለት ይኖሩ ነበር። ባላቸውን የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ከበላባቸው ወዲህ የዓይናቸው ማረፊያ አንድ ልጃቸው ብቻ ነበር፤ ቨርሊን። እሱም በጎልማሳነቱ መጠጥ ይዞት ነበርና አንድ እሁድ ሰክሮ ሲነዳ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ከነመዝጊያው ጠርምሶ ገባ። ታሰረ። መኪናውም መንጃ ፈቃዱም ሄደ። ከእስር ሲወጣ በአባቱ መቃብር ላይ ተንበርክኮ ማለ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም። ግን ማን ይመነው? አንዴ የወጣ ስም እንደ ሬንጅ ነው፤ ቢፍቁት አይለቅም።

የመንግሥት ሰዎች መንጃ ፈቃዱን የመለሱለት በአንድ ነገር አስረው ነው፤ መኪና ባይኖረውም በራሱ ስም ኢንሹራንስ እንዲይዝ። ለካስ መኪና ሳይኖራቸው የሰው መኪና እየተዋሱ ለሚነዱ ሰዎች የሚሸጥ ኢንሹራንስ አለ! ኢንሹራንሱ የተቋረጠ ዕለት ኩባንያው ለመንግሥት ይናገራል፣ መንጃ ፈቃዱም ይነጠቃል። ጎረቤታቸው ሆባርት ይህን የሰማ ቀን በሳቅ ፈረሰ። «በቅሎ ሳይኖረው ኮርቻ የገዛ ሰው አየሁ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ሸለቆው በሙሉ ቨርሊንን «ባለ ኮርቻው» ይለው ጀመር። ቨርሊን አብሮ ሳቀ። የሚያስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የእናቱ ኩላሊት ሥራ አቁሟል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ተራራውን ተሻግረው ከተማ ሄደው ደማቸው ካልታጠበ አይኖሩም። አውቶቡስ የለ፣ ታክሲ የለ። ያለ ቨርሊን ማን አላቸው?

ያ ኢንሹራንስ ደግሞ ባሕርዩ ብዙ ነው። የሸጡለት ሰዎች ደጋግመው አስጠንቅቀውታል፤ የራስህ መኪና ከሆነ አይሠራም፣ አብሮህ የሚኖር ሰው መኪና ከሆነ አይሠራም፣ አንዱን መኪና የዘወትር ካደረግኸውም አይሠራም። ስለዚህ ቨርሊን ከእናቱ ጣሪያ ሥር አላደረም። ከጅረቱ ማዶ ክረምት በሚያፏጭባት አሮጌ ተጎታች ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖር ነበር። መኪናም በየተራ ይዋሳል፤ ሰኞ የሆባርትን ፒክአፕ፣ ረቡዕ የቤተ ክርስቲያኑን መኪና፣ ዓርብ የእናቱን ሰማያዊ ቢዩክ። ቆቡን አውልቆ በሰው በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ቁልፉን» ሲል እናቱ በመስኮት ያዩታል።

«ልጄ፣ ለምን እኔ ቤት አትገባም? እናትህ አሳፈረችህ?» ይሉታል።

«ኧረ እማዬ! ኢንሹራንሱ ነው እንጂ።»

«የኔ መኪና እያለ ደግሞ የሰው ደጅ ትጠናለህ።»

«እማዬ፣ ይሄ ኢንሹራንስ ሰውየውን ነው እንጂ መኪናውን አይከተልም። የትኛውንም ብይዝ አብሮኝ ይሄዳል። አታስቢ።»

አታስቢ ያለበት አፉ በተቆረጠ! እማማ ኦሌታ ይህችን ቃል ያዙ። ሰውየውን ነው የሚከተለው... እንግዲያው ቢዩኩን ለሱ ብሰጠው ኢንሹራንሱ አብሮት አለ ማለት ነው፤ ልጄም ከእንግዲህ በሰው በር አይቆምም፣ ቤቴም ይገባል፤ እኔስ ከመሞቴ በፊት አንድ የራሱ የሆነ ነገር ሲኖረው ባይ ምናለበት? እንዲህ አሰቡ። የእናት ሐሳብ መቼም መጨረሻው ልጅ ነው። የልደቱ እሁድ ሲቃረብ፣ በስሙ የሚዛወረውን ሊብሬ ከሆስፒታሉ ወረቀቶች መሀል ሸጉጠው «እዚህም ላይ ፈርም፣ የኔ ጌታ» አሉት። ቨርሊን የሆስፒታል ወረቀት ሲፈርም አንብቦ አያውቅም፤ ፈረመ። ሰኞ ዕለት ከእጥበት እንደተመለሱ፣ እሱ ማገዶ ሲፈልጥ፣ ሆባርትን ለምነው ማዘጋጃ ቤት ሄዱና ጨረሱ። የራሳቸውንም ኢንሹራንስ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብለው በዚያው አቋረጡ። ቁልፉ ላይ ቀይ ጥብጣብ አስረው ከትራሳቸው ሥር ደበቁት። ቨርሊን የሚነዳበት ሌላው ቁልፍ ነበርና ምንም አልጠረጠረም።

እሁድ ግን ሩቅ ነበረ! ዓርብ መጣ። ከከተማ ሲመለሱ እናቱ ደክመው ከጎኑ አንቀላፍተዋል። ከሆባርት ቤት በታች ባለው መታጠፊያ ላይ አንድ አጋዘን ከጫካው ዘሎ መንገዱ መሀል ገባ። ቨርሊን መሪውን ጠመዘዘ... ወየው! ከመንገዱ ዳር፣ ከፖስታ ሳጥኑ አጠገብ፣ የሆባርት ልጅ ትሬሳ ቆማ ነበር። አጋዘኑ አመለጠ። ትሬሳ አላመለጠችም። ቨርሊን ቀበቶውን ፈትቶ እግሯን ሲያስር፣ «አይዞሽ ትሬሳ፣ ኢንሹራንስ አለኝ፣ የትም ወስደው ያሳክሙሻል» ይላት ነበር። በዚያ ሰዓት የሚያጽናናት ሌላ ነገር አልነበረውም።

በማግሥቱ በተጎታች ቤቱ ሆኖ ለኩባንያው ስልክ ደወለ። ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይህ ኢንሹራንስ መኪና ለሌላቸው ሰዎች ነው።»

«አዎ፣ እኔም እኮ መኪና የለኝም።»

«አለዎት እንጂ። ቢዩኩ ከሰኞ ጀምሮ በእርስዎ ስም ነው።»

«ተሳስተሻል፣ እህቴ። የእናቴ ነው።»

«እናትዎ አዛውረውልዎታል። እርስዎም ፈርመዋል። እሳቸው የነበራቸውንም ያን ዕለት አቋርጠዋል። አዝናለሁ፣ ምንም ላደርግልዎ አልችልም።»

ቨርሊን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በመስኮቱ ተመለከተ። ከጅረቱ ማዶ እናቱ በደካማ ክንዳቸው የቢዩኩን መስተዋት በጨርቅ ይወለውላሉ። አንዴ ይወለውሉና ያርፋሉ፣ አንዴ ይወለውሉና ያርፋሉ። ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ታየው። «እዚህም ላይ ፈርም፣ የኔ ጌታ...» አምላክ ሆይ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ተረት በዚህች ምስኪን እናት ላይ ይድረስ? ይህን ብነግራት ልቧ ይቆማል፤ የትሬሳን እግር የበላሁት እኔ ነኝ፣ ልጄን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብላ ዛሬውኑ ትሞትብኛለች ሲል አሰበ። ጅረቱን ተሻግሮ ሄደ።

«ምን አሉህ?» አሉት ጨርቁን እንደያዙ።

«አይሠራም አሉ። ሳልከፍል... አልፎብኝ ነው፣ እማዬ።»

እናቱ ትክ ብለው አዩት። «ጠጣህበት?»

ቨርሊን መሬት መሬት እያየ «አዎ» አለ።

የአብዬን ወደ እምዬ ይባላል፤ እሱ ግን የእምዬን ወደ ራሱ ላከከ። እናቱ ጨርቁን መሬት ላይ ጥለው ገቡ። እሁድ የልደቱ ቀን የበቆሎ ዳቦና ቦሎቄ ሠርተው አበሉት፤ ስለ ቁልፉ ግን ትንፍሽ አላሉም። ለሰካራም መኪና አይሰጥማ! ቁልፉ ትራሳቸው ሥር ቀረ።

ለደህና ሕክምና የሚከፍል ጠፋና የትሬሳ እግር ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ኩባንያው ለሆባርት «የቨርሊን ኢንሹራንስ አይሠራም» ከማለት በቀር ምክንያቱን አልነገረውም፤ ሸለቆው ግን ምክንያቱን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ጠጥቶበታል! የቨርሊን መንጃ ፈቃድ ተነጠቀ፤ መሪ ቢጨብጥ እስር ቤት ነው። የፓስተሩ ሚስት ለጊዜው እማማ ኦሌታን ታመላልስ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባና መንገዱ በረዶ ሲሆን ግን እሷም ፈራች። አንድ የእጥበት ቀን አለፋቸው፣ ሌላም ቀን አለፋቸው። እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሻቸው አጠረ። ቨርሊን ቆቡን አውልቆ ያንኑ የለመደውን በር አንኳኳ።

«ጋሼ ሆባርት፣ ቁልፍ ልዋስ አልመጣሁም። አንተ ንዳላት። በእግዚአብሔር!»

ሆባርት በሩን ግማሽ ከፍቶ ቆመ። ከኋላው የትሬሳ ክራንች ወለሉን ሲመታ ይሰማል። «ሂድና ጠርሙሱን ለምነው፤ እሱ ይንዳላት» አለው። በሩ ተዘጋ። ቨርሊን አንዲት ቃል ብቻ ቢናገር ያ በር ይከፈት ነበር። ግን ያቺ ቃል በዚህ በር ገብታ እናቱ ጆሮ ሳትደርስ እንደማትቀር ያውቃል። ምን ያድርግ? ቢናገር ይገድላታል፤ ዝም ቢልም ትሞትበታለች። ተመልሶ እናቱን ታቅፎ ቢዩኩ ውስጥ ሊያስገባ ሲል በሩን ሙጭጭ አድርገው ያዙ።

«አልገባም! አንዴ በእስር ቤት ብረት ውስጥ አይቼሃለሁ። ደግሜ አላይህም።»

«እማዬ፣ ልታሰር! ምናለ ብታሰር?»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ጠግቤያለሁ። አንተ ግን ገና ነህ» አሉት፤ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

አምቡላንስ ወሰዳቸው፣ ሐኪሞቹም ልባቸው ከእንግዲህ እጥበት አይችልም አሉ፤ በገዛ አልጋቸው ላይ መሞትን መረጡና ተመለሱ። በዚያ ሸለቆ ደግሞ ቂም የቱን ያህል ቢመርር ከሚሞት ሰው አልጋ አጠገብ አያስቀርም፤ ሆባርትም መጣና እግርጌ ቆመ፤ ቨርሊንን ግን አላየውም። እማማ ኦሌታ እጃቸውን ትራሳቸው ሥር ከተቱ። ቀይ ጥብጣብ የታሰረበት ቁልፍ ወጣ።

«ቨርሊን... ተቆጥቼህ ነው የደበቅሁት። እናት ግን ተቆጥታ ትሞታለች? እንካ። ቢዩኩ ያንተ ነው። በስምህ አዙሬዋለሁ።»

ቨርሊን ተንበረከከ። ዕድሜ ልኩን ያላለቀሰውን እንባ ባንድ ጊዜ ዋጠው። «የኔ? የኔ ነው ያልሽው እማዬ?»

«ያንተ! ሆባርት ምስክሬ ነው። ትሬሳ ከመጎዳቷ በፊት ሰኞ ዕለት እሱ ነው የወሰደኝ። አይደለም ሆባርት?»

«ነው፣ እትዬ ኦሌታ» አለ ሆባርት። ካለ በኋላ ግን ፊቱ ቀስ እያለ አመድ መሰለ። ሰኞ... ዓርብ... በቅሎ ለሌለው የተሸጠ ኮርቻ... በገዛ አፉ ያወጣው ቀልድ! ቀና ብሎ ቨርሊንን አየው። ቨርሊን በዓይኑ ብቻ ለመነው። አትናገር፣ ጋሼ፤ እባክህ አትናገር።

«ደስ አለህ?» አሉ እናቱ።

«በጣም! በጣም ደስ አለኝ፣ እማዬ። እንዲህ ያለ ስጦታ ማን ሰጥቶኝ ያውቃል?»

«ከእንግዲህ በሰው በር አትቆምም...»

«አልቆምም፣ እማዬ።»

ፈገግ እንዳሉ አረፉ። ቨርሊን ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ጮኸ። ሆባርትም ወለሉ ላይ ወድቆ የቨርሊንን እግር ያዘ። «ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር? እኔ በሩን ስዘጋብህ... ምነው አንዲት ቃል ብትተነፍስ? ምነው ብትሰድበኝ?» ይላል፣ ደረቱን ይመታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ቨርሊን ምን ይበለው? ከወለሉ አነሳው፣ ተቃቅፈው አለቀሱ። ትሬሳም በክራንቿ መጥታ ከሁለቱ መሀል ቆመች፤ ራሷን ቨርሊን ትከሻ ላይ አሳረፈች።

በቀብሩ ቀን አስከሬኑን የያዘውን መኪና የተከተለው የእናቱ ሰማያዊ ቢዩክ ነበር፤ ጭረቱም ስርጉዱም እንዳለ። መሪውን የያዘው ሆባርት ነው፤ የመኪናው ባለቤት ቨርሊን ከጎኑ፣ እናቱ ይቀመጡባት በነበረችው ወንበር ተቀምጧል። የሰው ልጅ ዕድሉን ከማን ይቀበላል? ከጠላቱ ቢሆን ይጠነቀቃል፤ ከሚወደው እጅ በቀይ ጥብጣብ ታስሮ ሲመጣለት ግን እንዴት ብሎ ይሸሸዋል? እናት የሰጠችውን ጎርሶ ዝም ከማለት በቀር ምን ቀርቶት! ሆባርት መኪናውን ከመቃብሩ በር አቆመና «ቁልፉን እንካ፣ ቨርሊን» አለው። ቨርሊን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ቆቡን አውልቆ ቁልፉን መልሶ ለሆባርት ሰጠው።

«አንተ ንዳ፣ ጋሼ» አለው። «እኔ መንዳት አልችልም።»