ዘብሎን ያልዘፈነው ኮንሰርት

የሬጌ ዘፋኙ ራስ ዘብሎን ሞቶ የተገኘው የዓለም ዙሪያ ጉዞው በሚዘጋበት ቀን ረፋድ ላይ ነው። ከኦቾ ሪዮስ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ፣ ቡድኑ በተከራየው ቤት፣ አልጋው ሥር ተጠማዝዞ ወድቆ ነበር። ታች ሜዳው ላይ ሰዉ ገና ከጠዋቱ መሰለፍ ጀምሯል። የዶሮ ጠባሾቹ ጭስ ሽቅብ እየወጣ እስከ መኝታ ቤቱ መስኮት ይደርሳል።

ኢንስፔክተር ቬሮና ጎዲ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ወፈር ያለች፣ ዝግ ያለች ሴት ናት። ሬጌ ነፍሷ ነው፤ ከሬጌ የሚበሉትን ሰዎች ግን ዓይናቸውን ማየት አትወድም።

«ሚስ ጎዲ» አለ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ሌስተር ፖይዘር በሩ ላይ ቆሞ። ነጭ ሱፍ ለብሷል፤ ሽቶ ተቀብቷል። «ሜዳው እየሞላ ነው። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሞቱ ባይወራስ?»

«ለሟቹ ንገረው። ምናልባት ይተባበርህ ይሆናል።»

ከራስጌው ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ ነበር። ታቹ ወተት የመሰለ ወፍራም ነጭ ፈሳሽ ቀርቶበታል፤ የተባይ መርዝ ሽታው ከሩቅ ይሰነፍጣል። ኢንስፔክተሯ ብርጭቆውን ትታ የሟቹን ፊት ማየት ጀመረች። ከንፈሩን የሸፈነው ሪዙ ደረቅና ንጹሕ ነው። ጎንበስ ብላ አፉን አሸተተች። ከመርዙ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ አለ፤ ሮም፣ የሸንኮራ አረቄ።

«የባሕር ሣር መጠጥ ነው» አለ ፖይዘር ብርጭቆውን በአገጩ እያመለከተ። «ሽማግሌው ከበሮ መቺያችን ቦንጎ በየጠዋቱ የሚያፈላላቸው። እኔ ያንን እጣቢ ባፌ አዙሬው አላውቅም። እግዜር አተረፈኝ።»

«እግዜርን እዚህ አታግባው። ለምስክርነት ልጠራው አልችልም።»

የዘብሎን አዲስ አልበም «ንጹሕ ዕቃ» ይባላል። ሥጋ የማይበላ፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ ውሸት የማይናገር ሰው መዝሙር ነው ተብሎ ለንደንን፣ ፓሪስንና አቢጃንን ዞሯል። በየደረሰበት ሰው አልቅሶለታል። ሰው ለማልቀስ ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

ሚስቱን፣ የቡድኑን ድምፅ አጃቢ ኢሜልዳን፣ ኢንስፔክተሯ ያገኘቻት መስተዋት ፊት ነው። ሁለት ሻሽ አልጋው ላይ ዘርግታለች።

«ካሜራዎቹ መጥተዋል?» አለች ኢሜልዳ።

«ገና ናቸው። ባልሽ ቁርስ ላይ ምን አለ?»

«ምን ይላል! ‹ዛሬ ለሕዝቡ እናገራለሁ› አለ። የአርቲስት ወሬ ነው፤ እኔማ ሳቅሁበት።» ጥቁሩን ሻሽ አንስታ ራሷ ላይ ለካችው። «ነጩ አይሻልም? ለሰማዕት ሚስት?»

ኢንስፔክተሯ በሩን ዘግታባት ወጣች።

ሌላው አጃቢ ኤቨራልድ ዳከርስ ከጓሮ በር ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር ግን ድምፁ እንደ ማር ይንጠባጠባል። ኢንስፔክተሯ ድምፁን ስትሰማ ደንገጥ አለች።

«ድምፅህን አውቀዋለሁ።»

«ሁሉም ያውቀዋል» አላት። «ዘብሎን ጉሮሮው የተበላሸው ከአልበሙ በፊት ነው። የዘፈንኩት እኔ ነኝ። መድረክ ላይም ከመጋረጃ ኋላ እኔ ነኝ። እሱ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ፀጉሩን ይወዘውዛል።»

«አንተስ ዝም አልክ?»

«ሆቴሉ ጥሩ ነበር፣ ሚስ ጎዲ።»

በንቀት አየችው። እሱም አንገቱን ደፋ።

«ዛሬ ግን ስምህን ጠርቼ ወደ ፊት አወጣሃለሁ አለኝ። ሁላችን ባለንበት፣ ቁርስ ላይ። ሲናገር ዕንባው ይወርድ ነበር። ኢሜልዳ ሳቀች። ፖይዘር ሳህኑን ገፍቶ ወጣ። ቦንጎ ብቻ ‹ጊዜው ነው› አለ።»

«ሮሙንስ የት ነበር የሚደብቀው?»

«ማን ነገረዎት?»

«እሱው ነው፤ አፉ ይሸታል።»

ኤቨራልድ ሳይወድ ፈገግ አለ። «የብረት ኮዳ አለችው። ከአልጋው ፍራሽ ሥር ትተኛለች። ከቁርስ በኋላ አንዴ ሳይጎነጭ አይውልም። ሁላችንም እናውቃለን።»

ፍራሹ ሥር ኮዳ አልነበረም። ኢንስፔክተሯ ሁለቱን ፖሊሶች ጠርታ ግቢውን፣ ሙዝ ተክሉንና መኪናዎቹን እንዲፈትሹ ላከቻቸው። የተባይ መርዙ የአትክልተኛው ዕቃ ቤት ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ ተገኘ፤ ዕቃ ቤቱ ቁልፍ የለውም። ማንም ገብቶ ሊወስድ ይችል ነበር።

ቦንጎ ሕዝቅያስ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ከበሮውን ወደ ፀሐይ አዙሮ ቆዳውን ያሞቃል። በዕድሜ የቡድኑ ሁሉ ታላቅ ነው፤ የተገመደ ሽበታም ፀጉሩ ወገቡ ድረስ ይወርዳል።

«እኔ ገደልኩት ይላሉ አሉ» አለ ቀና ሳይል።

«መጠጡን ያፈሉት እርስዎ ነዎት። ምን ምን ይገባበታል?»

«የባሕር ሣር፣ ተልባ፣ ማር፣ ትንሽ ገውዝ። ከላም የወጣ ነገር ድስቴን አይነካም። የሚጠጡት ሁሉ ከአንድ ድስት ነው የጠጡት፤ እዚያው ገበታ ላይ አለቀ።»

«ቦንጎ፣ ውሸቱንስ ያውቁ ነበር?»

ሽማግሌው ቆዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ፀጉር ለምኑ ነው?»

ሽማግሌው ከበሮውን መልሶ ወደ ፀሐይ አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ አራቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ብርጭቆውን በጨርቅ ይዛ መካከላቸው አስቀመጠችው። ፖይዘር ተነስቶ ቆመ።

«ሕዝቡ እየጠበቀ ነው!»

«ሕዝቡ ውሸታችሁን ይህን ያህል ጊዜ ጠብቋል። እውነቱንም ትንሽ ይጠብቅ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«ዘብሎን ከዚህ ብርጭቆ አልጠጣም» አለች። «ይህ መጠጥ ወፍራም ነው። ሪዙ አፉን የሸፈነ ሰው ከዚህ ጠጥቶ ንጹሕ ሊሆን አይችልም። የሱ ሪዝ ደረቅ ነበር። የሸተተው ሮም ነው። ስለዚህ መርዙ የገባው ኮዳው ውስጥ ነው። ገዳዩ እሱ ከሞተ በኋላ ገብቶ ኮዳውን ወሰደ፣ ብርጭቆውን መርዝ ጨምሮ አስቀመጠ።»

«ለምን ይለፋል?» አለች ኢሜልዳ። «ኮዳውን ወስዶ መሄድ አይችልም?»

«ብርጭቆ ባይኖር ‹ሰውዬው ምን ጠጥቶ ሞተ?› ብዬ እፈልጋለሁ። ሮሙን አገኛለሁ። ሮም ሲጠጣ የሞተ ነቢይ መሳቂያ ነው፤ በገዛ ቅዱስ መጠጡ የተመረዘ ነቢይ ግን፣ አንቺ ራስሽ እንዳልሽው፣ ሰማዕት ነው። ለዚያ የሚሰዋ ሽማግሌ ደግሞ በቅርብ አለ።»

ቦንጎ ቀና አለ።

«አሁን ብርጭቆውን እዩት። ቀለሙ ምንድን ነው?»

ኤቨራልድ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ፊቱን አኮሳተረ። «ነጭ ነው። ወተት አለው! ይሄ የቦንጎ አይደለም። የቦንጎ ተልባ ያለበት ነው፤ ቡናማ ነው።»

«የቆርቆሮ ነው» አለች ኢሜልዳ በመጸየፍ። «ሱቅ የሚሸጡት። የጣፈጠ ወተት ያለበት።»

«አያችሁ? አንዳችሁም ለማወቅ አልዘገያችሁም» አለች ኢንስፔክተሯ። «የቦንጎን መጠጥ ለዓመታት ጠጥታችኋል። ከሦስታችሁ አንዱ የቦንጎን መጠጥ ለማስመሰል ብርጭቆ ቢያሰናዳ ወተት አይጨምርም ነበር። ይህን ስሕተት የሚሠራው የሽማግሌውን መጠጥ አንድ ቀን እንኳ ያልቀመሰ ሰው ነው። ‹እጣቢ› ብሎ የናቀ። ባፉ አዙሮት እንደማያውቅ የፎከረልኝ።»

ሁሉም ወደ ፖይዘር ዞሩ።

«ሚስተር ፖይዘር፣ ሰው ስትወነጅል እንኳ ትንሽ ቀመስ ማድረግ ያስፈልጋል።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» ብሎ ሳቀ ፖይዘር። ሳቁ ግን ላቡን አላደረቀለትም።

«አይደለም። ማስረጃው እየመጣ ነው።»

አንደኛው ፖሊስ ደረጃውን ወጣ። በአንድ ከረጢት ከፖይዘር መኪና ማቀዝቀዣ የተገኘ የዚያ መጠጥ ባዶ ቆርቆሮ፣ በሌላው ከመቀመጫው ሥር የወጣች የብረት ኮዳ ይዟል። የኮዳዋ ክዳን ሲከፈት የተባይ መርዙ ሽታ በረንዳውን ሞላው።

ፖይዘር የሱፉን እጅጌ አስተካከለ።

«ሰውዬውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ከሴንት አን ገበያ ኮኮናት ሲሸጥ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ፀጉሩን፣ ስሙን፣ ጾሙን፣ ሁሉን። ሊያፈርሰው ምን መብት አለው? የሞተ ነቢይ አይናዘዝም፤ ለዘላለም ይኖራል።»

«ውሸቱን ስታለብሰው ኖረህ፣ እውነት ሊናገር የወሰነባትን አንዲት ቀን ነጠቅኸው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ውሰዱልኝ፤ ሽቶው አሳመመኝ።»

ሊወስዱት ሲሉ ኢሜልዳ ተከትላ ተነሣች። «ታዲያ ኮንሰርቱስ?»

ኢንስፔክተሯ ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው። «ሟቹ ሊናገር ያሰበውን ከእናንተ አንዱ ይናገር። ወንድ ከተገኘ።»

ተገኘ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የዘብሎን ሞት ለሕዝቡ ተነገረ፤ ሜዳው በለቅሶ ተናወጠ። ኤቨራልድ ዳከርስ ብቻውን ወደ ማይክሮፎኑ መጣ።

«እኔ ኤቨራልድ እባላለሁ» አለ። «በአልበሙ ላይ የሰማችሁት ድምፅ የኔ ነው። ዘብሎን ዛሬ ሊነግራችሁ ነበር።»

መዝፈን ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርስ ጩኸት ተነሣ።

«ውረድ! አስመሳይ!»

«የሞተ ሰው ትሰርቃለህ? ሌባ!»

የኮኮናት ቅርፊት ተወርውሮ ትከሻውን መታው። ከዚያ ጠርሙስ መጣ። ወረደ።

አዘጋጆቹ ሕዝቡን ለማረጋጋት ሸክላውን ከፈቱት። ያው ዘፈን፣ ያው ድምፅ በድምፅ ማጉያዎቹ ፈሰሰ። ሜዳው ጸጥ አለ። ሰዎች የለኮሱትን ላይተር ወደ ላይ አነሡ፣ ተቃቀፉ፣ ተንሰቀሰቁ። ከኢንስፔክተሯ አጠገብ የቆመች ሴት ደረቷን እየመታች፣ «እንዲህ ያለ ድምፅ ዳግመኛ አይፈጠርም!» አለች።

ኢንስፔክተሯ ከሕዝቡ ወጣች። ኤቨራልድን ከመድረኩ ጀርባ ከቆመው የጭነት መኪና ኋላ ትከሻውን ይዞ አገኘችው።

«ና ግባ፤ ቤትህ ላድርስህ።»

«ትንሽ ይቆዩ» አላት። «እስኪያልቅ።»

ዘፈኑ ሲያልቅ ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ኤቨራልድም ማንም በማያየው ቦታ፣ ከጭነት መኪናው ኋላ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።